ቀባሪ የማጣት ፍርሃት፦ ሞትን መጋፈጥ በሐዲያና በከምባታ

ሞትን መፍራት አንድ መልክ ብቻ የለውም። ጣሩን የሚፈራ አለ፤ ከሞት ወዲያ ያለውን ፍርድ የሚፈራ አለ፤ ከራሱ ነፍስ ይልቅ የልጆቹ ዕጣ የሚያስጨንቀውም አለ። በሐዲያና በከምባታ አገር፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ጃጁራ፣ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ግን ቀባሪ የማጣት ፍርሃት ነው። መሞት እንደማይቀር ማንም አይስተውም። የሚያስፈራው አልቃሽ ሳይሰበሰብ፣ ሬሳው በወገን ትከሻ ሳይወጣ፣ አፈር የሚመልስ ጎረቤት ሳይገኝ መቅረት ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ «ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል፤ ክፉኛ የተቀየመ ሰው ሲራገምም ያንኑ ምርቃት ይገለብጠዋል።

ይህ ስሜት ሥር አለው። ዘመናዊው መንግሥት ከመደራጀቱና አብያተ ክርስቲያናቱ ከመስፋፋታቸው በፊት በአካባቢው ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተሳሰረው ሴራ የተባለው ሥርዓት ነው (በአማርኛ ከሚታወቀው የተንኮል ሴራ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም)። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ያዕቆብ አርሳኖ የከምባታውን ሴራ አጥንተው ጽፈዋል። ሴራ የመሬት ወሰንን፣ የጠብን እርቅ፣ የሥራ መረዳዳትን፣ የሠርግንና የለቅሶን ወግ የሚገዛ ያልተጻፈ ደንብ ነው። እስር ቤት የለውም፤ ዘበኛም የለውም። ክንዱ ማግለል ነው። ደንቡን የጣሰና ሽማግሌዎች ቢመክሩት እንቢ ያለ ሰው ከጎረቤት ይቆረጣል፤ እሳት የሚያጭርበት ቤት አይኖርም፤ ከደቦ ይቀራል፤ ሰው ሲሞትበትም የሚደርስለት የለም። ከቅጣቶቹ ሁሉ የከበደው ይህ የመጨረሻው ነው። ሌላውን ቅጣት ሰው በገንዘብም በጉልበትም ሊወጣው ይችላል፤ የራሱን ሬሳ ተሸክሞ መሄድ ግን አይችልም። ጎረቤት የሚቀብረው ጎረቤትን የቀበረውን ስለሆነ፣ በሌላው ቀብር መገኘት ለራስ ቀብር የሚጠራቀም ውለታ ነው።

በከተማ ይህን ውለታ መዝገብ ላይ ያሰፈረው እድር ነው። እድር ዛሬ ባለው መልኩ የተስፋፋው በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ጅምሩ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከገጠር ወደ ከተማ ከፈለሱ ሰዎች፣ በተለይም ከጉራጌዎች ጋር ይያያዛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ይበልጥ ተባዛ። ከዘመድ ርቆ ከተማ የገባ ሰው የሚቀብረው ወገን ስላልነበረው ወገን መሥራት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ እድር ወደ አውራጃ ከተሞች፣ ከእነሱም ወደ ገጠር ቀበሌዎች ዘለቀ።

አሠራሩ በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ሰው ሲያርፍ ከሟች ቤት አንድ ሰው ወደ እድሩ ዳኛ ይላካል። ዳኛው ለጸሐፊው፣ ጸሐፊው ለለፋፊው ያስተላልፋል፤ ንጋት ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ወጣቶች የድንኳኑን ብረት ያቆማሉ። ከእድሩ ዕቃ ቤት አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ ትሪና ብርጭቆ ተቆጥሮ፣ ተፈርሞበት ይወጣል፤ ሲመለስም ይቆጠራል፤ የተሰበረ ካለ ይጻፋል። ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ከእንሰት የተዘጋጀ ዋሳ ይዘው ይመጣሉ። የሐዘኑ ቤት ምድጃ ሥራ እንዲፈታ ነውና ሐዘንተኛዋ ወደ ጓዳ አትገባም። ቀብሩ ሲያበቃ፣ ሰው ገና አቧራውን ሳያራግፍ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል። ያልተገኘ ይቀጣል። የቅጣቱ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚያደኸይ አይደለም፤ የሚያሳፍረው ስም ተጠርቶ ዝም መባሉ ነው። ሐዘን በመዝገብና በቅጣት መመራቱ ለውጭ ሰው የደነደነ ልብ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ መዝገቡ ድሃውን ከሀብታሙ እኩል ያደርገዋል። ጠበኛውም ሰው፣ ምላሰ ክፉውም ሰው፣ መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ ድንኳኑ ይተከልለታል።

ከዱራሜ የማትርቀው አዜ ዴቦዓ የተባለች የከምባታ መንደር ይህን ጉዳይ ለዓለም ካሳወቁት ቦታዎች አንዷ ናት። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ኢኮኖሚስቶች በየጊዜው እየተመላለሱ ቤተሰቦችን ከጠየቁባቸው 15 የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮች መካከል ትገኛለች። ስቴፋን ዴርኮን፣ አሉላ ፓንክኸርስትና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ መንደሮች ባገኙት መረጃ እድርን የመረመሩት እንደ ኢንሹራንስ ነበር። እድሮቹ የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት ዝርዝርና የተቆረጠ መዋጮ አላቸው፤ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠውም አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንዳንዶቹ ለበሽታና ለቃጠሎም ይደርሳሉ። ባንክ ባልገባበት፣ የመድን ድርጅት ስሙ ባልተሰማበት ገጠር፣ ገበሬው በመጀመሪያ የገዛው መድን የቀብሩን ነበር ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ከአንድ በላይ እድር ውስጥ መግባቱ ለዚህ ፍርሃት ምን ያህል ዋጋ እንደሚከፍል ያሳያል።

በድሮው ሥርዓት የለቅሶው ስፋት የሟቹን ክብር ይለካ ነበር። የታወቀ ጦረኛ ወይም ባለብዙ ከብት ሰው ሲሞት ፈረሰኞች ከሩቅ መንደር እየጋለቡ ይመጣሉ፤ ጦርና ጋሻ ይነቀነቃል፤ ሙያው በዜማ ይቆጠራል። ሐዲያዎች ሰውን በዘፈን የማወደስና የመተረብ ሰፊ ባህል እንዳላቸው ኡልሪሽ ብራውኬምፐርና ጥላሁን ሚሻጎ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት የዘፈኖች ስብስብ ይታያል። ዛሬ ፈረሱ ቀንሷል፤ ክብሩን የማሳየት ፍላጎት ግን በሲሚንቶ ቀጥሏል። በሐዲያና በአጎራባቹ አርሲ በመንገድ ዳር የሚታዩት በቀለም ያጌጡ መቃብሮች ለአላፊ አግዳሚው የተሠሩ ናቸው፤ ያላወቀው መንገደኛ እንኳ እዚህ ሰው እንደነበረ እንዲያይ። ልማዱም ጥንታዊ ነው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ አድርጎ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት የጢያ ትክል ድንጋይ፣ በ1972 ዓ.ም. ግድም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ የመቃብር ምልክት ነው። በብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ ያቆሟቸውን ሰዎች ስም የሚናገር ግን አልቀረም።

ከቀብሩ ወዲያ ስላለው ነገር የሚታመነው እንደየሃይማኖቱ ይለያያል። ብራውኬምፐር በሰፊው ያጠኑት ፋንዳኖ የተባለው የሐዲያ ነባር እምነት፣ የጥንት እስልምና ትዝታን ከአካባቢው አምልኮ ጋር ያዋሐደ፣ ጾምና ጸሎት ያለው ሃይማኖት ነበር፤ ዛሬ ተከታዮቹ እጅግ ጥቂት ናቸው። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ደረሱ። ጣሊያን በ1929 ሲያስወጣቸው የተተዉት ምእመናን ጥቂት ነበሩ፤ ወንጌሉ የተስፋፋው ነጮቹ ከሄዱ በኋላ በአገሬው ሰባኪዎች እጅ ነው። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ በሐዲያ ዞን ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል ፕሮቴስታንት ነበር፤ የቀረው ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ነው።

ፕሮቴስታንቱ፣ የቃለ ሕይወትም ሆነ የመካነ ኢየሱስ ምእመን፣ የሟች ነገር በሕይወት ሳለ እንደተቆረጠ ያምናል። ነፍስ ወደ ጌታዋ ሄዳለች፤ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ጸሎት አይጨምርላትም። ስለዚህ ፍትሐትም ተዝካርም የለም። መዘምራን ይዘምራሉ፤ ሰባኪው ንግግሩን ወደ ቋሚው ያዞርና ንስሐ ግቡ ይላል። ለኦርቶዶክሱ ግን የሟችና የቋሚው ግንኙነት አልተቋረጠም፦ በፍትሐት ይሸኛል፣ በሠልስት፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በሙት ዓመት ይታሰባል፤ ተዝካሩ የድሆች ማዕድ ነው። ካቶሊኩም ለሟች ቅዳሴ ያስቀድሳል። ሙስሊሙ ሬሳውን አጥቦ፣ በከፈን ጠቅልሎ፣ ሰላተል ጀናዛ ሰግዶ፣ ቢቻል በዕለቱ ይቀብራል፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ትቆያለች።

ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ከልክ ያለፈ ዋይታን አይወዱም። ፕሮቴስታንቱ ሰባኪ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ የጻፈውን ያነባል፤ ሼኩ ፊት መንጨትና ልብስ መቅደድ የጃሂሊያ፣ ከእስልምና በፊት የነበረው የድንቁርና ዘመን፣ ነገር ነው ይላል፤ ቄሱም ይገሥጻል። ሦስቱም ለብዙ ዓመታት ተናግረው ዋይታውን አላቆሙትም። ቀንሷል፤ ፊት መንጨት በአብዛኛው ቀርቷል። ሬሳ ከቤት ሲወጣ ግን መዝሙሩን ሰንጥቆ የሚወጣ ጩኸት አለ፤ የምትጮኸውም ብዙ ጊዜ ጥዋት መዝሙሩን አብራ ስትዘምር የነበረችው ናት። በሰማይ መገናኘትን ማመንና ዛሬ መለየትን መቻል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በመሆናቸው፣ ጩኸቷን ከእምነት ማነስ መቁጠር ልክ አይሆንም።

በአንድ ቤት ውስጥ እምነቶቹ ሲቀላቀሉ ድርድር ይመጣል። አባት በኦርቶዶክስነቱ ሲሞት ልጆቹ ደግሞ በሌላ ቤተ እምነት ያሉ ከሆነ፣ ፍትሐቱን ማን ያስፈታ፣ ለተዝካሩ ማን ያዋጣ የሚለው ሊያኳርፍ ይችላል። አንዳንዱ ቤተሰብ ተዝካር የሚለውን ስም ትቶ ለችግረኞች ምሳ በማብላት ይታረቃል። በእድሩ ድንኳን ሥር ግን ክርክሩ አይገባም፤ ማንም በየትኛውም እምነት ቢሞት አግዳሚ ወንበሩ ያው ነው።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ቋሚው ነው። የሚሞተው ሰውስ? እዚህ ላይ አገሩ ከዛሬው የምዕራቡ ዓለም ልማድ ይለያል፤ መሞቱን ከታማሚው ቀድሞ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነውና። ሐኪም ወንድምን ወይም የበኩር ልጅን ለብቻ ጠርቶ ይነግረዋል፤ ለታማሚው «ትድናለህ» ይባላል። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በጻፉት ጥናት፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ለታማሚው ፊት ለፊት መርዶውን ሲነግሩት ቤተሰቡ እንደ ጭካኔ እንደሚያየው አሳይተዋል። ተስፋን መቁረጥ ራሱ ይገድላል የሚል እምነት አለ። ስለ ሞት የሚነገር ወሬ ሁሉ በወግ፣ በደረጃ፣ በሚቀርብ ሰው አፍ መምጣት አለበት። የሞት መርዶም እንዲሁ ነው፦ ማታ አይነገርም፤ ሌሊት ሽማግሌዎች ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ያድራሉ፤ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል፤ የሚደግፉ ሰዎች አጠገብ ቆመው ሳለ ቃሉ ይወጣል። ስልክ ይህን ሥርዓት ክፉኛ አናግቶታል። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይሰበሰቡ ፎቶው ከነሻማው በፌስቡክ ይወጣና እናት ከጎረቤት ልጅ እጅ ላይ ታየዋለች።

ኤሊዛቤት ኪዩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቺካጎ ሊሞቱ የቀረቡ ሕሙማንን አነጋግራ የጻፈችው መጽሐፍ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርትና መቀበል የሚሉ አምስት ደረጃዎችን በዓለም አስተዋውቋል። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደረጃዎቹ እንደ መሰላል ተራ ጠብቀው እንደማይመጡ አሳይተዋል፤ ሐዲያ ውስጥ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚክደው ታማሚው ሳይሆን ከበውት የተቀመጡት ናቸው። ታማሚው ብዙ ጊዜ ያውቃል። እንዳወቀ የሚያስታውቀው በሚጠይቀው ነው፦ የተቀያየመው ወንድም እንዲጠራለት፣ የተበደረው እንዲከፈልለት፣ ከሁሉም በላይ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱ እንዲመለስ። ቤቱ ለመሞት የሚፈልግ ሰው ቀባሪዎቹን አቅርቦ ማየት የሚፈልግ ሰው ነው። ሕመምን ማስታገስና ታማሚውን በቤቱ መንከባከብ ዓላማው ያደረገው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ ይህ ዓይነቱ አገልግሎት ግን ወደ ክፍለ አገር ከተሞች ገና በበቂ አልደረሰም።

የመጨረሻ ቃል በሕግም ቦታ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ ከሚደረጉ ኑዛዜዎች ሌላ የቃል ኑዛዜን ይፈቅዳል። ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃሉ ሊናዘዝ ይችላል፤ በዚህ መንገድ ሊወስን የሚችለው ግን ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የቀብሩን ሥነ ሥርዓት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችንና አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆቹን አሳዳጊነት። ቤቱንና መሬቱን በአፉ ሊሰጥ የማይችለው ሰው ቀብሩን ግን በአፉ ሊያዝ መቻሉ፣ ሕግ አውጪው የአገሩን ሰው ሐሳብ ማወቁን ያሳያል። በሦስት ወር ውስጥ ካልሞተ ኑዛዜው ይፈርሳል። ሽማግሌዎች ስለዚህ ሁሉ ያለ ሐፍረት ያወራሉ፤ የት መቀበር እንደሚሹ ያመለክታሉ፤ አንዳንዱ መገነዣውን ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ወጣት ሲሆን ግን ወሬው ሟርት ይሆናል።

ሞትን በአዲስ መልክ እንዲጋፈጡ የተገደዱት እነዚሁ ወጣቶች መሆናቸው ነው የዚህ ዘመን ታሪክ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከሆሳዕና፣ ከሶሮ፣ ከዱራሜና ከአካባቢው ቁጥሩ የበዛ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። የሐዲያን ስደት ያጠኑት ደረጀ ፈይሳ፣ ስደቱ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ጽፈዋል። በ1993 ዓ.ም. ሆሳዕና የመጣ አንድ የውጭ አገር ሰባኪ የተናገረው ቃል ብዙ ምእመን ዘንድ እግዚአብሔር ወደ ደቡብ በር እንደከፈተ ትንቢት ተቆጠረ። ወጣቱ ሲነሣ ይጸለይለታል፤ በሰላም ሲደርስም ምስክርነት ይሰጣል። የመንገዱን ሞት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም የሚሄደው፤ ሞት እዚህም አለ፣ የሚጠብቀው ግን እግዚአብሔር ነው ብሎ ነው። ይህ እምነት ድፍረት ይሰጣል፤ በደላላ እጅ ሲገባ ደግሞ አደጋን ማቅለያ ይሆናል።

የመንገዱ ሒሳብ በአራት አደጋዎች ብቻ እንኳ ከባድ ነው። በሰኔ 2004 በታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ በጭነት መኪና ታፍነው የሞቱ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ተገኙ። በመጋቢት 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በኮንቴይነር ውስጥ ከታጨቁ 78 ሰዎች 64ቱ ሞቱ። በጥቅምት 2015 በሰሜን ማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በመጀመሪያው ቁፋሮ 25 አስከሬን ወጣ፤ በኋላም ተጨመረ። በታኅሣሥ 2015 ከሉሳካ ሰሜን ንግዌሬሬ በተባለ ሰፈር መንገድ ዳር የተጣሉ 27 አስከሬኖች ተገኙ። በዚህ መስመር ከሚጓዙት የሚበዙት ከሐዲያና ከከምባታ የሚነሡ ናቸው። መንገዱን ያለፉትም አልዳኑም፤ በሚያዝያ 2007 ደርባን ውስጥ የሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾች ሱቅ በላያቸው ላይ ተቃጥሎ አንዱ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

እዚህ ላይ ነው የጥንቱ ፍርሃት በሙሉ ቁመቱ የሚነሣው። ቀባሪ እንዳያጣ መዋጮ ሲከፍል፣ ስም ሲጠራ «አለሁ» ሲል የኖረ ቤተሰብ ልጁ ያለ ስም ጫካ ውስጥ ይቀበራል። በደቡብ አፍሪካ ያሉት የአገር ልጆች መልሱን ከሚያውቁት ነገር ሠሩት፦ በጆሃንስበርግም እድር አቋቋሙ። አንዱ በጥይት ወይም በበሽታ ሲሞት ገንዘብ ይዋጣል፤ ሬሳው በአውሮፕላን ቦሌ ይደርሳል፤ ከዚያ 230 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ሆሳዕና፣ ብዙ ጊዜም ከሆሳዕና አልፎ ወደ ጃጁራ ወይም ወደ ሌላ የገጠር ከተማ ይገባል። ለሬሳ መላኪያ የሚወጣው ገንዘብ ለልጆቹ ቢላክ ይሻል ነበር የሚል ክርክር አለ፤ ምክንያቱም አሳማኝ ነው። ይሁንና አዋጪዎቹ የሚያዋጡት ለሟቹ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱን መመለስ እየከፈለ ነው።

ሬሳው ካልመጣስ? ሬሳ ባይመጣም መሞቱ በእርግጥ ከታወቀ ለቅሶው ይቀመጣል፤ የተጎላ ፎቶ በድንኳኑ ፊት ይደረጋል፤ ሴቶች ልብሱን ይዘው ያለቅሳሉ። የባሰው የማይታወቀው ነው። ከታንዛኒያ ወይም ከማላዊ የመጨረሻ ስልክ ደውሎ የጠፋ ልጅ ሞቷል እንዳይባል ሬሳ የለም፤ አለ እንዳይባል ድምፅ የለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ፣ በቬትናም ጦርነት የጠፉ አብራሪዎችን ሚስቶች አጥንታ፣ እንዲህ ያለው ማጣት ከሞት ሐዘን የተለየ መሆኑን አስረዳች፦ ሐዘኑ የሚጀመርበት ቀን ስለሌለው የሚያበቃበትም የለውም። በሐዲያ ይህ ነገር ሌላ ክብደት ይጨምራል። እድር የሚመጣው ለሞት ነው፤ ለመጥፋት የሚነፋ ጡሩምባ የለም። እናቲቱ ጎረቤት ያልመጣበት ሐዘን ተሸክማ ትውላለች፤ አንዳንዱ ዘመድ «ታስሮ ይሆናል» ይላል፤ ደላላው ገንዘብ ላኩና ላፈላልግ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ትጸልያለች፤ ለመመለሱ ይሁን ለነፍሱ ግን ጸሎቱን የሚመራው ሰውም መለየት ይቸግረዋል።

በሕጉ በኩል መውጫው የመጥፋት ውሳኔ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት፣ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ የሚመለከተው ሁሉ መጥፋቱ እንዲወሰን ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ማመልከቻው በይፋ እንዲነገር ያደርጋል፤ ወሬ ካልመጣ ይወስናል። ውሳኔው የመጨረሻ ሲሆን በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ጋብቻው ይፈርሳል፤ ንብረቱም ለወራሾች መንገድ ያገኛል። ለሚስት እንደገና ማግባት፣ ለልጆች የመሬት ደብተር ማዛወር፣ በባንክ የቀረ ገንዘብ ማውጣት የሚቻለው በዚህ ነው። ማመልከቻውን ለመፈረም ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀድሞ ልጁ እንደማይመለስ መቀበል አለበት፤ ስለዚህም ሚስት ስትፈርም እናት ፈቃደኛ ያልሆነችባቸው፣ አማቶችና ምራት በዚሁ የተለያዩባቸው ቤቶች አሉ።